ጸጥታው በደንብ ይጠበቅ

የሚጣ እናት በር ሲንኳኳ አትወድም። ለደግ የመጣ ሰው ገና ከደጅ ስም እየጠራ ይገባል፤ የሚያንኳኳ ሰው ግን የሚናገረውን ክፉ ነገር በልቡ እያሰናዳ ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት በሩ ሲንኳኳ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሣች። መርፌው የሰው የሙሽራ ቀሚስ ላይ እንደተሰካ ቀረ። «ጉድ ፈላ!» አለች።

የመንደሩ ሰው በስሟ ከሚጠራት ይልቅ «ጉድ ፈላ» ብሎ ቢጠራት ይቀለዋል። አልተሳሳተም። ይህቺ ሴት ወተት ሲገነፍልም፣ ዝናብ ሲያካፋም፣ ባሏ በሰዓቱ ቤት ሲገባም ጉድ ፈላ ትላለች።

ደጅ ላይ የቆመው የልጇ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ኧረ ምንም አልሆነችም። ርዕሰ መምህሩ አሁኑኑ ይምጡ ብለዋል።»

«ለምን?»

ዘበኛው ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጸጥታ ጉዳይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ሚጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እስካሁን የሠራችው ትልቁ ጥፋት ከእናቷ ቅዳጅ ጨርቅ ለጎረቤት ድመት ሱሪ መስፋቷ ነው። እናትየው ግን ጸጥታ የሚለውን ቃል ስትሰማ ልጇ በሁለት ፖሊስ መሃል ስትሄድ ታየቻት። ብርድ ልብስ አጣጥፋ፣ መሃሉ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ሳሙናና ፎጣ ከታ፣ በገመድ ጠፍራ በብብቷ ሸጎጠችው። ልጅቷን የት እንደሚወስዷት ባታውቅም ቦታው ብርዳም እንደሚሆን ግን አልተጠራጠረችም።

ርዕሰ መምህሩ ጥቅሉን አይተው «ጉዞ አለብዎት እንዴ?» አሏት።

«እኔማ ምን ጉዞ አለብኝ ጋሼ። የት ነው የሚወስዷት?»

«ማንን?»

«ልጄን ነዋ!»

«ልጅዎ እዚሁ ግቢ ነው ያለችው፤ ማንም የትም አይወስዳትም። ቁጭ ይበሉ። የጠራሁዎት ለኮሚቴ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ላይ ሱፐርቫይዘሩ ከትምህርት ቢሮ ደውለው፣ በቅርቡ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተናግረው፣ «የቤተ መጻሕፍቱ ጸጥታ በደንብ ይጠበቅ!» ብለው ስልኩን ዘግተዋል። ርዕሰ መምህሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሻያቸው እፊታቸው እንደቀዘቀዘ ነው።

«‹በደንብ› ነው ያሉት» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «እንዲህ የሚሉት አንድ የሰሙት ነገር ቢኖር ነው።»

ጥግ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቆማለች። አፏ ላይ ጣቷን ሳታደርግ ውላ ስለማታውቅ ልጆቹ «እትዬ እሽሽ» ይሏታል። «ርዕሰ መምህር፣ ጸጥታ ሲሉ ዝምታ ማለታቸው ይሆናል እኮ» አለች። «ልጆቹ ሲያነቡ እንዳይንጫጩ።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁ። «አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ልጆች ዝም ይበሉ ብሎ ስልክ ይደውላል? ጸጥታ ማለት ጸጥታ ነው!»

«ጸጥታ ማለት እኔ ነኝ» አለ ዘበኛው ከበሩ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ።

የሚጣ እናት ለኮሚቴው የታጨችው በሥራዋ ነው። አምና በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታ «ደወሉ የሚደውለው ሰው ጭንቅላት ላይ ቢወድቅስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡና ደወሉ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተሰቅሎ በረጅም ገመድ እንዲደወል አዘዙ። አሁን ደወሉን ከሽንት ቤቱ በቀር የሚሰማው የለም። ርዕሰ መምህሩ ግን ያቺን ሴት አልረሷትም።

እሷም ደስ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጋ ሰው ሲስቅባት ነው የኖረው። የገዛ ባሏ እንኳ «አንቺ እኮ ፀሐይ ብትወጣ ለምን ወጣች የምትይ ነሽ» ይላታል። ዛሬ ግን አንድ ክራባት ያሰረ ሰው እስክሪብቶ ይዞ «ሌላስ ምን ይፈራሉ?» እያለ ይጠይቃታል።

ቤተ መጻሕፍቱን ሊያዩ ሄዱ። ሁለት መስኮት ያለው ረጅም ክፍል ነው፤ መሃሉን ጠረጴዛዎችና አግዳሚ ወንበሮች፣ ግድግዳውን መደርደሪያዎች ይዘውታል። የመጻሕፍቱ ጀርባ ብዙ እጅ ስለነካው ወዝቷል። የሳይንስ መምህሩ ከነተማሪዎቹ አንድ ትልቅ ባለሥዕል መጽሐፍ ከብቦ፣ የሰው ልብ ላይ በእስክሪብቶው እያመለከተ «ደሙ በዚህ ገብቶ በዚህ ይወጣል» ይላል። ሒሳብ የምታስተምረው ወጣት መምህርት ለነገ የምታስተምረውን ከሦስት መጽሐፍ ትለቅማለች። ሚጣ በመስኮቱ ሥር፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ አፍንጫዋን መጽሐፍ ውስጥ ቀብራ ተቀምጣለች። ቀና ስትል እናቷን ከነብርድ ልብሷ አየቻት። ወዲያው መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ተሸሸገችበት።

እናትየው ከዚህ ሁሉ ያየችው መደርደሪያውን ነው።

«ይሄ ነገር ልጅ ላይ ቢወድቅስ?»

መደርደሪያው በገመድ ከግድግዳው ጋር ተጠፈረ። ገመዱ በመጻሕፍቱ ላይ ስለሚያልፍ መጽሐፍ ለማውጣት ገመዱን መፍታት ግድ ሆነ፤ አፈታቱን የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ሚዛን ስቶ ልጅ ቢጥልስ? ወንበሮቹ ወደ ዕቃ ቤት ተላኩ። በመስኮቱ ሌባ ቢገባስ? ሌባ ባይገባ ንፋስ ገብቶ ጉንፋን ቢያሲዝስ? መስኮቶቹ በሚስማር ተመቱ። መስኮት ሲዘጋ ጨለመ፤ መብራት ቢበራ ደግሞ ሽቦው ያረጀ ነው፣ ሰው ይይዛል ተባለና መብራቱ ጠፋ። በጨለማ ውስጥ ልጅ ቢደናቀፍስ?

«ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ። በሩ ተቆለፈ።

«ቁልፉ ቢጠፋስ?» አለች የሚጣ እናት።

ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ገባ። የካዝናው ቁልፍ በክር ሆኖ በአንገታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ንግግር አደረጉ። «ቤተ መጻሕፍታችን እንደ ዛሬ ጸጥታው አስተማማኝ ሆኖ አያውቅም። አንድም ልጅ አልተጎዳም! አንድም መጽሐፍ አልጠፋም!» መምህራኑ አጨበጨቡ። አንድም ልጅ አንድም መጽሐፍ አለመንካቱን ያነሣ ሰው አልነበረም።

የሚጣ እናት እንደዚያ ሰሞን ተኝታ አታውቅም። ባሏ ማንኮራፋቷን ሰምቶ ታማ ይሆን ብሎ ግንባሯን ዳሰሰ።

ትምህርት ቤቱ ግን ቀስ በቀስ ጉድ ይፈላበት ጀመር። የሳይንስ መምህሩ የሰውን ልብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣለ። እጁ ለሥዕል አልተፈጠረምና ልጆቹ ድንች ነው ብለው ገለበጡት። ፈተና ላይ ልብ ሣሉ ሲላቸው ክፍሉ በሙሉ ድንች ሣለለት። ስህተት ብሎ እንዳያርም ድንቹ የራሱ ነው። ለሁሉም ሙሉ ማርክ ሰጠ። ወጣቷ የሒሳብ መምህርት ያንኑ የአምናውን ጥያቄ ደግማ ሰጠችና መልሱን ከታላላቆቻቸው የሰሙት ልጆች ጥያቄው ሳያልቅ በኅብረት መለሱላት። እትዬ እሽሽ ከተቆለፈው በር ውጭ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች። ዝም የምታሰኘው ሰው ብታጣ ጣሪያው ላይ የሚንጫጩትን ድንቢጦች ትቆጣለች።

አንድ ቀን የሚጣ አባት እራት ላይ፣ ነገሩን እንደ ቀላል አድርጎ ጣል አደረገው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው።

«ሚጣን እኮ ዛሬም መናኸሪያ አየኋት።»

የእናትየው ማንኪያ ከአፏ ሳይደርስ ቀረ። «ዛሬም? ትናንትም አይተሃታል?»

«ከትምህርት በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ናት። የምታውቂ መስሎኝ።»

«ጉድ ፈላ! ላይብረሪ አይደል እንዴ የምትውለው?»

«የቱ ላይብረሪ? የቆለፋችሁት?»

ሚጣ አቀርቅራ ሳህኗን ትቆፍር ነበር። እናትየው ያን ሌሊት አላንኮራፋችም። በማግስቱ ልጆች ከትምህርት በሚወጡበት ሰዓት ብርድ ልብሷን ከነጥቅሉ ይዛ መናኸሪያ ወረደች። ለክፉ ነገር ባዶ እጅ መሄድ አይሆንላትም።

ሚጣ ለውዝ ከምትሸጠው ሴትዮ አጠገብ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ለውዝ የተጠቀለለባቸውን ወረቀቶች ፈትታ ዘርግታ ታነባለች። ለውዙ አጠገቧ ተከምሯል። አንድ አውቶቡስ ጢሱን እየተፋ ወደ ኋላ እየመጣ ነው። ረዳቱ «ና፣ ና፣ ና!» እያለ ጎኑን ይደበድባል። ሚጣ ዐይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል እግሯን ሰበሰበች። ጎማው እግሯ በነበረበት ቦታ ላይ ቆመ።

እናትየው ጎማውን አየች። ስትሰጋ የኖረችው ሁሉ፣ ደወሉም መደርደሪያውም ሽቦውም፣ ከዚያ ጎማ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ መሰላት።

«ለውዝ ትወጂያለሽ እንዴ?» አለቻት፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«አልወድም። ወረቀቱን ነው» አለች ሚጣ ደንግጣ። «ሴትዮዋ በአሮጌ መጽሐፍ ነው የምትጠቀልለው። ግን አይገጥምም። ትናንት ስለ መርከብ ነበር፤ ዛሬ ተከታዩ ይሆናል ብዬ ብገዛ ስለ ዶሮ እርባታ ሆነ።»

«ለምን ቤት አትመጪም?»

«ቤት የስፌት መኪናሽ ይጮሃል።»

«ዝም የሚልበት ጊዜም አለ እኮ።»

«እሱ ዝም ሲል ደግሞ አንቺ ትጀምሪያለሽ።»

ለውዝ ሻጭዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«እማዬ፣ ላይብረሪው መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች ሚጣ። «እኔ እኮ መጽሐፌን መሃል ላይ ነው ያቆምኩት። ሰውዬው ድልድዩ ጋ ደርሶ ነበር። ለታመመች ልጁ መድኃኒት ይዞ እየሮጠ ነው። ዝናብ ነው፣ ጨለማ ነው። ድልድዩ መሰበሩን አያውቅም።»

«አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«የነገረው ሰው የለም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዘበኛው መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝ።»

እናትየው ልጇን በአንድ እጇ፣ ጥቅሉን በሌላው ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ከነከናት። ያ ሰውዬ ስንት ቀን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሟል፤ አንዲት እርምጃ ቢራመድ አለቀለት። ልጅቷስ? መድኃኒቱስ?

ሲነጋ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነበረች።

«ጋሼ፣ ይከፈት» አለች። «ልጆቹ መዋያ አጡ። መምህራኑም ተቸገሩ። መጽሐፉ ጥቅም አለው።»

ርዕሰ መምህሩ በሐዘኔታ አዩዋት። «እህቴ፣ የቤተ መጻሕፍት ጥቅም ለእኔ ይነገረኛል? ጥቅሙ ከፍተኛ ስለሆነ እኮ ነው የቆለፍነው። የማይጠቅም ነገር ማን ይቆልፋል? ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። እንዲህ የተጠበቀ ጸጥታ ይዤ አሁን ልክፈት?»

በጥቅም እንደማይረቱ ገባት። ተነሥታ ልትወጣ ነበር፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር አለች። ይህቺ ሴት በሕይወቷ አንድ ነገር ትችልበታለች።

«አይጥስ?» አለች።

«ምን አይጥ?»

«ጨለማ፣ ዝግ ቤት፣ ሙሉ ወረቀት። እኔ አይጥ ብሆን ሌላ የት እሄዳለሁ?»

የርዕሰ መምህሩ እጅ ወደ አንገታቸው ክር ሄደ።

«ደግሞስ ምስጥ» አለች፣ ተመልሳ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። «ምስጥ ከውጭ አይታይም እኮ ጋሼ። ውስጥ ውስጡን ይበላል። ሱፐርቫይዘሩ አንድ መጽሐፍ መዘዝ ያደርጋሉ፣ ሽፋኑ እጃቸው ላይ ይቀራል፣ የቀረው እንደ ዱቄት ይፈስሳል። ያን ጊዜ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ማን ነው ይላሉ። ደግሞስ ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያያል? መብራቱ ጠፍቷል ትላላችሁ እንጂ ያ ሽቦ አይታመንም፤ ቢጨስ ማን ያሸታል?»

«ዘበኛ አቁሜያለሁ!»

«ዘበኛው ውጭ ነው። አደጋው ውስጥ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ መሐረባቸውን አወጡ። «ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ውስጥ ጠባቂ ያስፈልጋል። ብዙ ዐይን።»

«ብዙ ስንት ነው?»

«ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ሰው። መጽሐፉን ይዞ ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ገልጦ የሚፈትሽ። ምስጥ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ በምን ይታወቃል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ነው። ለፍተሻው ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል፤ መስኮቶቹ መከፈት አለባቸው። ቆሞ መፈተሽ ስለሚያደክም ወንበሮቹም ይምጡ።»

«ይህን ያህል ጠባቂ ከየት አመጣለሁ?»

የሚጣ እናት በመስኮቱ አሳየቻቸው። ግቢው በልጆች ጢም ብሏል፤ ደወሉን ስላልሰሙ ገና እየተጫወቱ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። በመጨረሻ «ማደር ያለባቸው መጻሕፍት ቢኖሩስ? ፍተሻው በአንድ ቀን ካላለቀ?» ብለው ራሳቸው ጠየቁ።

«ልጆቹ ቤታቸው ወስደው ይጠብቋቸዋላ።»

በማግስቱ ሚስማሩ ተነቀለ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ወንበሮቹ ከዕቃ ቤት ወጡ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ «ፍተሻ! ፍተሻ!» እያለ ልጆቹን በሰልፍ አስገባቸው። የሳይንስ መምህሩ የልቡን ሥዕል በተማሪዎቹ ፊት ገልጦ ፈተሸ። አንዱ ልጅ «እንዴ ቲቸር፣ ድንቹ የት ሄደ?» አለው። እትዬ እሽሽ ስታስተናግድ ዋለች። አንድ ልጅ እየሳቀ መጽሐፍ ሲያነብ ያየ ሰው ምነው ቢለው «ምስጥ እየፈለግሁ ነው» ይላል።

ሱፐርቫይዘሩ በቀጠሮአቸው መጡ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፈቱላቸው። ክፍሉ በልጆች ተሞልቷል፤ ገጽ ሲገለጥ ከሚሰማው በቀር ድምፅ የለም። በጣሪያው ላይ ያሉት ድንቢጦች እንኳ የእትዬ እሽሽ ቁጣ የገባቸው ይመስል ዝም ብለዋል። ሱፐርቫይዘሩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይሄ ነው ጸጥታ!» አሉ በሹክሹክታ። «እንዴት አድርጋችሁ አመጣችሁት?»

«ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ጠባቂ መድበን ነው ጌታዬ» አሉ ርዕሰ መምህሩም በሹክሹክታ። «ሌሊትም ጥበቃው አይቋረጥም።»

«ሌሊትም! ግሩም ነው፣ ግሩም ነው።» ምን እንደሰሙ እሳቸው ያውቃሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ።

የሚጣ እናት የኮሚቴ አባል ናትና እሷም አንድ መጽሐፍ እንድትፈትሽ ተሰጥቷት በመስኮቱ ሥር ከልጇ ጎን ተቀምጣለች። ጥቅሉ እግሯ ሥር ነው። መጽሐፉን የመረጠችላት ሚጣ ናት። እሷ ትናንት አድራበት ጨርሳዋለች። «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብትላት «አልነግርሽም፣ አንብቢው» ብላ እንቢ አለቻት። እናትየው ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ መጽሐፍ በእጇ አልገባም ነበር። መጀመሪያ በጣቷ እየተከተለች፣ በኋላ ጣቷን ረስታ ነጎደች። ዝናቡ መጣ። ጨለመ። ሰውዬው መድኃኒቱን በደረቱ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ። እግሩን አነሣና...

«ኧረ ተመለስ አንተ ሰው! ድልድዩ ተሰብሯል!»

ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ዘሎ ገባ። ርዕሰ መምህሩ ክራቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው? የጸጥታ ችግር አለ?» አሉ ሱፐርቫይዘሩ።

«እናቴ ናት» አለች ሚጣ፣ ፊቷን በመጽሐፍ ሸፍና።

እትዬ እሽሽ ያን ሁሉ ቀን በድንቢጥ ላይ ሲባክን የነበረውን ጣቷን ወደ አፏ አነሣች። «እሽሽሽ! እትዬ፣ ጸጥታ እየደፈረሰ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይውጡልኝ።»

የሚጣ እናት ተነሣች። አባርረውኛል ብላ አላፈረችም፤ ኋላ ምን ያደርጉኝ ይሆን ብላም አልፈራችም። ሐሳቧ ሁሉ ድልድዩ ላይ ነው። ብርድ ልብሷን በብብቷ ሸጎጠች፤ ጣቷን ገጹ መሃል እንዳደረገች ወደ በሩ ሄደችና ቆም አለች።

«ከነመጽሐፉ ነው አይደል የምወጣው?»